ስልኩ አንድ ቀን፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ቀን

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ስለ ቀን አጻጻፍ እንማራለን። «ቀን መጻፍማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንችላለን» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ እስኪ ይህን አንብቡ፦

05/06/2018

መቼ ነው? እኛ ደብተር ላይ ስንጽፈው የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለታችን ነው። ስልክና ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቀንን በሚያስቀድም አጻጻፍ የተሞላ ስልክ «ጁን 5፣ 2018» ብሎ ያነበዋል። እንደ አሜሪካኖች ወርን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ደግሞ «ሜይ 6፣ 2018» ይለዋል። የእኛ የካቲት 5 ግን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12፣ 2026 ነው። አያችሁ? አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ቀን!

ይህ ችግር በተለይ የማስታወሻ አፕን በስልክም በኮምፒውተርም ለሚጠቀም ሰው ይመጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ዓይነት ቀን እንዳለ እንወቅ።

አንደኛ፦ አፑ ራሱ የሚመዘግበው ቀን

ማስታወሻ ስንጽፍ አፑ ሰዓቱን ይይዛል። ብዙ አፖች ውስጥ የሚቀመጠው ግን ቀንና ወር ሳይሆን አንድ ረጅም ቁጥር ነው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 1970 (ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.) ጀምሮ በግሪንዊች ሰዓት ያለፈውን ሴኮንድ ይቆጥራል። ስልኩም ኮምፒውተሩም ይህንኑ ቁጥር በየራሳቸው ሴቲንግ ወደ ቀን ይለውጡታል። ስለዚህ ስልኩ 12/02/2026፣ ኮምፒውተሩ 02/12/2026 ቢል ማስታወሻው ተበላሸ ማለት አይደለም። የተለያየው አጻጻፉ ብቻ ነው።

የሰዓት ቀጠናው ከተሳሳተ ግን ቀኑም ይቀየራል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ፣ በየካቲት ወር ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት በስልክ የጻፍነውን «እሁድ ማታ 3 ሰዓት» ብሎ ያሳየናል። መፍትሔው ሴቲንግ ገብቶ ቀጠናውን ማስተካከል ነው። አዲስ አበባ የሚል ካጣችሁ ናይሮቢን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ሁለተኛ፦ እኛ በጣታችን የምንጽፈው ቀን

«የሳይንስ ፈተና 05/06/2018» ብለን ብንጽፍ፣ ለአፑ ይህ ተራ ጽሑፍ ነው። ወደ ቀን ለውጥ ሲባል ይገምታል እንጂ የእኛን ሐሳብ አያውቅም። ሁለት ምሳሌ እንይ።

ጥቅምት 30 ሲጻፍ 30/02/2018 ነው። ፌብሩዋሪ ግን 30 ቀን የለውም፤ ስለዚህ ማሽኑ እምቢ ይላል።

ጳጉሜን 3 ሲጻፍ 03/13/2017 ነው። ቀንን የሚያስቀድመው ስልክ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እምቢ ይላል። ወርን የሚያስቀድመው ኮምፒውተር ግን «ማርች 13፣ 2017» ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እምቢ ያለው! ስህተቱን ወዲያው ያሳየናልና።

ታዲያ ይሄ ምን ጉዳት አለው?

ፈተና ከማለፉም በላይ አለ። ጓዳ ውስጥ የቆየ ሽሮፕ ላይ የሚያበቃበት ጊዜ 06/2019 ቢል፣ «ገና ነው፣ ዘንድሮ 2018 አይደል?» ብሎ ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው። የተጻፈው በፈረንጆች ከሆነ ጊዜው ካለፈ ከስድስት ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ ለገጣፎ ፎቶ ኮፒ ቤት ፎርም የሚያስሞሉ ቤተሰቦቻችንም ይጠንቀቁ። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች ፎርም ላይ 2005 ተብሎ ከተሞላ፣ የ13 ዓመቱ ልጅ ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

1. ወሩን በስሙ እንጻፍ። «የካቲት 5» ከተባለ የትኛውም ሰው አይሳሳትም።
2. ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አንርሳ።
3. ለኮምፒውተር ፋይል ስም በፈረንጆች ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለን እንጻፍ፦ 2026-02-12። ይህ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይኤስኦ 8601 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ፋይሎቹም በየቀናቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።
4. ዓመተ ምሕረቱን ለመለወጥ፣ ከመስከረም 1 ፈረንጆች አዲስ ዓመታቸውን እስኪያከብሩ 7 ደምሩ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ደምሩ።
5. አስታዋሽ ስትሞሉ ሰዓቱንም ለውጡ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በስልክ 8:00 ነው። 2:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል!

እስኪ እናንተ ሞክሩ

ሀ. መስከረም 13ን 13/01/2018 ብለን ብንጽፍ፣ ወርን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ምን ይላል?
ለ. ማታ 1 ሰዓት በስልክ ስንት ነው?
ሐ. የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆች ስንት ዓመተ ምሕረት ይሆናል?

መልስ

ሀ. 13ኛ ወር ስለሌለው አይቀበልም።
ለ. 19:00።
ሐ. 8 ስንደምር 1896። ቀኑ ማርች 1 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው፤ ምክንያቱም ፈረንጆች በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ዘለዋል፣ እኛ ግን 6ኛዋን ጳጉሜን አልዘለልንም።

ሦስቱንም የመለሳችሁ ጎበዞች ናችሁ! ያልመለሳችሁ ደግሞ ቁጥር 4ን እና 5ን ደግማችሁ አንብቡ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን ስልክ ሴቲንግ እዩት፤ መድኃኒትም ካለ ቀኑን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑ።