በዝናብ ወራት ባንኮክ ለሚሄድ፦ ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ የሚሄድ ሰው የዝናብ ወር መሆኑን ሲሰማ ለአዲስ አበባ ክረምት እንደሚዘጋጅ ሹራብ፣ ወፍራም ጃኬትና ቡትስ ይጭናል። የባንኮክ ዝናብ ግን ብርድ ይዞ አይመጣም። ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ይዘንባል፤ የሚብሰው በሴፕቴምበር፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ሰሞን ነው። ቀን ሙቀቱ 32 እና 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊትም ከ25 ብዙም አይወርድም። ዶፉ ደጅ ካገኛችሁ መራሳችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ ቶሎ የሚደርቅ ዕቃ ብቻ ያዙ።

1. ወረቀት። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ካርዱን፣ ፓስፖርቱንና የሐኪም ማስረጃውን አፉ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። በቀለም የተጻፈ ሪፈር አንዴ ከራሰ አይነበብም።

2. ልብስ። ስስ ሸሚዝ፣ ስስ ሱሪ፣ ትርፍ የውስጥ ልብስ። ጂንስ ቤት ይቅር፤ በዚያ አየር በአንድ ሌሊት አይደርቅም። በባንኮኩ ታላቁ ቤተ መንግሥት ቁምጣና ትከሻ የሚያሳይ ልብስ ስለማያስገባ እጅጌ ያለውና ረጅም የሆነ አንድ ቅያሪ አይጥፋ።

3. ጫማ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ጉዞውን የሚያበላሸው ይህ ነው። ባንኮክ በቻዎ ፍራያ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ናት። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ የወረደው ዶፍ መሄጃ ስለሚያጣ፣ በተለይ ሶይ በሚባሉት የውስጥ መንገዶች ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይተኛል። የቆዳ ጫማ እዚህ ውሃ ውስጥ ከገባ አለቀለት። ሌሊቱን ሙሉ ሆቴል ክፍል ውስጥ ቢሰጣም ጠዋት ጣታችሁን ስትሰዱበት ውስጡ እንደራሰ ነው። ሰንብቶ ስፌቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል፤ ሽታውም ሻንጣ ውስጥ ወዳለው ልብስ ሁሉ ይተላለፋል። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ስኒከርም ያው ነው። ቡትስ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው ከላይ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

በባዶ እግሬ እሻገራለሁ ማለትም አያዋጣም። የደፈረሰው ውሃ የቦዩ ክዳን ክፍት ይሁን ዝግ አያሳይም። በአይጥ ሽንት የተበከለ ከሆነም በትንሽ ጭረት ገብቶ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስይዛል። እግራችሁ ላይ ቁስል ካለ ወይም የስኳር ሕመም ካለባችሁ እባካችሁ ውሃው እስኪጎድል ታገሡ።

የሚያዋጣው ከኋላ ማሰሪያ ያለው የጎማ ሰንደል ነው። ውሃ ውስጥ ከእግር አይወልቅም፣ በፎጣ ሲጠረግ ወዲያው ይደርቃል፣ ቤተ መቅደስ በር ላይ ለማውለቅም ይቀላል። ስትገዙ ሶሉን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ልሙጥ ከሆነ የራሰ ወለል ላይ ያንሸራትታል። ለሆስፒታል ወይም ለስብሰባ ደህና ጫማ ካስፈለገ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙና ደርሳችሁ ቀይሩ።

4. ለቤት ውስጥ ብርድ። በባንኮክ ብርዱ ያለው ቤት ውስጥ ነው። የገበያ ማዕከሉ፣ ባቡሩ፣ የሆስፒታሉ ማረፊያ በኤሲ ይቀዘቅዛል፤ በላብና በዝናብ ርሶ የገባ ሰው ይንቀጠቀጣል። ሰው ጃኬት ይመክራል፤ እኔ ነጠላ እመርጣለሁ። ታጥፎ እጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ታማሚ ይዛችሁ ከሆነም ወረፋ ስትጠብቁ ታለብሱታላችሁ።

5. ለትንኝ። ደንጊ የሚያስተላልፈው ትንኝ በቀን ይናከሳል፤ ስለዚህ ለመኝታ አጎበር መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ያዙ። ትኩሳት ከያዛችሁ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ በደንጊ ጊዜ መድማትን ያባብሳሉ። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

6. የቀረው ቀላል ነው። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይግባ፤ ዣንጥላ እዚያው በየመንገዱ ካለው ሰቨን ኢለቨን ይገዛል።

ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት ዕቃውን አንድ በአንድ አንሱና “ዛሬ ማታ ቢርስ ነገ ጠዋት ይደርቃል?” ብላችሁ ጠይቁ። የማይደርቀውን ያለ ርኅራኄ አውጡት።