መብትን በአደብ መጠየቅ፦ ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ንግግር የምንማረው

ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራም ሆነ ከሌላ አካባቢ ወደ ጅማ የመጣችሁ አዲስ ገቢ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙዎቻችን ያደግነው «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው። ታላቅን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን ውጤቱ ተሳስቶ ሲመዘገብ ወይም ፈተናው ከጁምዓ ሰላት ጋር ሲጋጭ ዝም ብሎ፣ ዝምታውን ሶብር የሚለው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ሶብር ግን ሰበብን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ቡናውን ሚዛን ሳያይ የሚያስረክብ ገበሬ ታጋሽ አይባልም።

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሰሓቦች ወደ ሐበሻ መሰደድ ጀመሩ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደተረከችው፣ ቁረይሾች እነዚህን ስደተኞች ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ ሹማምንቱን አስቀድመው በስጦታ አግባብተው፣ ስደተኞቹ ሳይደመጡ እንዲሰጧቸው ፈለጉ። ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ። ያን ጊዜ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመ።

ከእርሱ ሦስት ትምህርት እንወስዳለን፦

1. ተዘጋጁ። ሰሓቦች ወደ ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት ምን እንደሚሉ ተመካክረዋል። እናንተም ከነባር ተማሪዎች ጋር ተማከሩ፤ የተማሪዎች መመሪያንም አንብቡ።

2. በቅደም ተከተል ተናገሩ። ጃዕፈር የቀድሞ ሁኔታቸውን፣ የመጣላቸውን መልእክት፣ የደረሰባቸውን በደል፣ በመጨረሻም ከንጉሡ የሚጠብቁትን ፍትሕ አስረዳ። መልእክተኞቹን አልተሳደበም። ማመልከቻችሁም እንዲሁ ይሁን፦ ምን ሆነ፣ መቼ፣ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ምን እንዲደረግ ትጠይቃላችሁ። መጀመሪያ መምህሩን አነጋግሩ፤ ካልተፈታ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ዲኑ ሂዱ። የማመልከቻውን ቅጂ አስቀሩ፤ የአቤቱታ ቀነ ገደብም አይለፋችሁ።

3. እውነቱን አትሸራርፉ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን አንስቶ ሊያጣላቸው ሞከረ። ጃዕፈር ንጉሡን ለማስደሰት ቃሉን አልለወጠም። እናንተም ጥፋታችሁን አትደብቁ፤ በደላችሁንም አታጋንኑ።

አባቶችም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ለሚቀጥለው ሐለቃ እያንዳንዳችሁ ያላችሁን አንድ ችግር በአራት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ፤ አብረን እናስተካክለዋለን ኢንሻአላህ።

አላህ አንደበታችንን በሐቅ ያጽናልን። አሚን።