ስለ ደሴት ኑሮና ስለ አትክልቱ

ደሴት ማለት ውሃ በዙሪያው የከበበው ምድር ነው። ለኩታበር ልጆች ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ሲያስተምሩበት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ተያይዟል።

በደሴት የሚኖር ውሃ አያጣም ይባላል፤ ነገር ግን ውሃው ከታች፣ ተክሉ ከላይ ነውና በእንስራ ተሸክሞ ስንቱን ያጠጣዋል? የሚረዳው ጥላና የረገፈ ቅጠል ነው። ለዚህም የጣናዋ ዘጌ ማስረጃ ናት። በአንድ ወገን ከየብስ ብትያያዝም ኑሮዋ እንደ ደሴት ነው። በሬና ሞፈር እንዳይገባባት የቆየ ሥርዓት ስላለ፣ ከትልልቁ ዛፍ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይተከላል። ቅጠሉ በስብሶ ለአፈሩ ፍግ ይሆነዋል፤ ፀሐይ እርጥበቱን ፈጥና አትመጥጠውም፤ ጎርፍም አፈሩን አጥቦ ወደ ሐይቁ አያወርደውም። እህሉን ግን ቡናውን ሸጠው ይገዛሉ። ስለዚህ ቡና በረከሰ ጊዜ ዛፉ ለማገዶ ተቆርጦ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ጥላውም ከሄደ ቡናው ይከተለዋል።

በደጋው ቡና ባይበቅልም ነገሩ በጎመን ይፈተናል። መምህሩ ሁለት መደብ ያስቆፍር፤ አንዱን በቅጠል ያልብስ፣ ሁለተኛውን ራቁቱን ይተወው፤ ለሁለቱም እኩል ውሃ ይስጥ። በሳምንቱ ልጆቹ አፈሩን በጣታቸው ይዳስሱ።