አንተ ስታድግ ቤትህ እንዳያንስ

ልጄ፣ ዲፕሎማህን ይዘህ ወደ ከተማችን ጽጽቃ ከተመለስክ ወዲህ አይሃለሁ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ታስተምራለህ፣ ክረምት ሲገባ ለዲግሪህ ትሄዳለህ፣ በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ባልና አባት ነህ። ሐሳብህ መልካም ነው፤ አያያዝህ ግን ዝርክርክ ነው። «ዲግሪዬን ልያዝና ከዚያ ለቤቴ እሆናለሁ» ትላለህ። ዕድሜዬን በመምህርነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ወጣቶች አይቻለሁ። ዲግሪው ሲመጣ ሌላ ዲግሪ ያምራቸዋል፤ ልጆቹ ግን እስኪመለሱ አይጠብቁም፣ ያድጋሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና ረጋ ብለህ ስማኝ።

1. ጎህ ሳይቀድ ተነሥተህ አንብብ። አገራችን ቆላ ነው፤ ወደ ተከዜ በወረድክ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። ቀትር ላይ መጽሐፍ ብትገልጥ ዐይንህ ያያል እንጂ ልብህ አይቀበልም። ማታ ደግሞ ደክመህ ትገባለህ፣ ልጆችህም ይፈልጉሃል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለችው ጊዜ ግን የማንም ድርሻ አይደለችም። በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚያነብ ሰው ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ከሚያፈጠው ይበልጣል። ሰዓቷ ስታልቅ ደብተሩን ክደን። «ይቺን ገጽ ልጨርስ» እያልክ የጠዋቱን ሥራ ሁሉ ባለቤትህ ላይ አትጣል።

2. የመጀመሪያውን ጀሪካን አንተ ቅዳ። በጋው ሲበረታ ቦኖው ላይ ሰልፉ እንዴት እንደሚረዝም ታውቃለህ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ሆና የተሸከመችው ይህንኑ ነው። ወንድ ውኃ ሲቀዳ አይቶ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ጊዜዋ በውኃ መቅዳት አልቆ፣ አንተ ተምረህ እሷ ባለችበት ከቀረች፣ ውሎ አድሮ የምታወሩት ታጣላችሁ። ብዙ ትዳር የፈረሰው በጠብ ሳይሆን በዚህ ነው። ያተረፍክላትን ጊዜ ትማርበት፣ ትነግድበት ወይም ትረፍበት፤ ምርጫው የእሷ ነው።

3. ከራስህ ሳህን በፊት የልጅህን ሳህን እይ። በኛ ቤት የተሻለው ለአባት ይቀርባል፣ ልጅ የተረፈውን ይለቃቅማል። ዶሮ አለን፣ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፤ ፍየል አለን፣ ወተቷ የሕፃኑ ኩባያ ላይ አይደርስም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ሲገባ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ በዞናችን ከተማ ስም ሰየመው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰቆጣን እንዴት እንደጎዳ ያየ ሰው ለምን በስሟ ተሰየመ ብሎ አይጠይቅም። ግቡ እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ማጥፋት ነው። ከፅንስ አንስቶ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት 1000 ቀናት ካመለጡ፣ በቁመቱም በአእምሮውም የጎደለውን መመለስ እጅግ ይከብዳል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ገንፎው ወፈር ይበል፣ እንቁላል ይግባበት፣ ወተቱም ፈልቶ ይሰጠው። የምታጠባውም እናት ከወትሮዋ ጨምራ ትብላ። ከእንቁላሉ መጀመሪያ የልጁን ለይ፣ የተረፈውን ሽጥ። የምትማረው ለእሱ ከሆነ፣ እሱ የሚማርበትን አእምሮ አታስርበው።

4. እራት ሲቀርብ ስልክህን ከአጠገብህ አርቅ። ትልቋ ልጅህ የዋለችበትን ልትነግርህ አፏን ስትከፍት አንተ አንገትህን ደፍተህ ስልክ ትነካካለህ። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ካየች በኋላ መንገሩን ትተወዋለች፤ ኋላ ስታድግ ምክር ልትሰጣት ብትፈልግ ጆሮዋን አታገኘውም። በማዕድ ላይ በቋንቋችን በኽምጣና አውራት። አማርኛውን ከትምህርት ቤትም ከሬዲዮም ታገኘዋለች፤ የአያቷን ተረት በአያቷ ቋንቋ የምትሰማው ግን ቤትህ ውስጥ ብቻ ነው።

5. አንድ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀል። የፈተናህን ቀን ክበብ፣ የቤትህንም ቀን ክበብ። የክረምት ትምህርትህና የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ እንደሚጋጩ ታውቃለህ፤ ነሐሴ 16 ልጅህ ቄጠማዋን ወገቧ ላይ አስራ ከእኩዮቿ ጋር ስትወጣ አንተ ክፍል ውስጥ ነህ። መቅረትህን አስቀድማ ካወቀች አትከፋም፤ የልብሷን ገንዘብ ሳትሄድ ስጥ፣ በዕለቱም ደውል። ሰቆጣ ለሥልጠና ስትጠራም ከማንም በፊት ለባለቤትህ ንገር። መሄድህ ሳይሆን ከጎረቤት መስማቷ ነው የሚያስቀይማት።

6. ማታ ማታ ወጪህን ጻፍ፣ ወረቀቶችህንም በአንድ ቦርሳ አስቀምጥ። ደመወዝ ሳይጻፍ ከወጣ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ለመመዝገቢያ ብር ሲያስፈልግ ፍየል ይሸጣል፣ ጉዳቱም ለልጆች ይተርፋል። ቦርሳውን ደግሞ ቀላል ነገር አድርገህ አትየው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ከወረዳችን ከዝቋላና ከአበርገሌ የተፈናቀለው ሰው ብዙ ነው፤ ነፍሱን ይዞ ሲወጣ የልጁን የክትባት ካርድም የራሱን የትምህርት ማስረጃም የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም። የቤቱ ሁሉ ወረቀት አንድ ቦታ ይሁን፣ ባለቤትህም ቦታውን ትወቅ።

7. ለቅሶ ድረስ፣ ማኅበርም ጠጣ፣ ሲያልቅ ግን ወደ ቤትህ ግባ። ከሰው የተለየ ሰው በችግሩ ቀን ብቻውን ይቀራል፤ ይህን እኔ አልከለክልህም። ጊዜህን የሚበላው ለቅሶው ሳይሆን ከለቅሶው መልስ ጠላ ቤት የምትቀመጠው ነው። ያ ሰዓት የጥናትህም የልጆችህም ነበር፤ ጠላ ቤቱ ግን ከሁለቱም ወሰደው።

ልጄ፣ ሰባቱንም በአንድ ቀን ልጀምር ካልክ በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ትተዋለህ፤ አውቅሃለሁ። አንዱን ያዝ፣ እስክትለምደው ድረስ ሌላ አትጨምር። ከየትኛው እንደምትጀምር ግን አንተ አትምረጥ፤ ባለቤትህን ጠይቃት። የቱ እንደጎደለ ከአንተ ይልቅ እሷ ታውቃለች።