ከሰው ሥራ የሚቀረው ምንድነው?

የጥናት ክፍል፦ ዕብራውያን 13፥7፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥6-9



የዕብራውያን መልእክት ወንጌልን ያመጡልንን ሰዎች እንዳንረሳ፥ አኗኗራቸው ወዴት እንዳደረሳቸው አይተን እኛም እንደነሱ እንድናምን ይነግረናል። ዛሬ ከነዚህ ሰዎች አንዱን እናስብ። ስሙ አንስጋር ይባላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንስጋር በ801 ተወለደ፤ ያደገው በዛሬዋ ፈረንሳይ በኮርቢ ገዳም ነው። በ829 ጌታን ወደማያውቁት ወደ ስዊድን፥ ቢርካ ወደምትባል የንግድ ከተማ ተላከ። በመንገድ የባሕር ወንበዴዎች ዘረፉት። ይዟቸው የነበሩ ወደ 40 የሚጠጉ መጻሕፍት ጠፉ። አብረውት የነበሩት አንዳንዶቹ እንመለስ አሉ። እሱ ግን በእግሩ ቀጠለ። በቢርካ ሄሪጋር የሚባል የከተማው ሹም አመነ፤ በራሱ መሬት ላይም ቤተ ክርስቲያን ሠራ።

በኋላ አንስጋር በጀርመን አገር የሐምቡርግ ጳጳስ ሆነ። በ845 ግን ጠላት በመርከብ መጥቶ ከተማዋን አቃጠለ። ቤተ ክርስቲያኑም መጻሕፍቱም ነደዱ። ጳጳሱ ካባውን እንኳ ሳይደርብ ሸሸ። በዚያው ዘመን በቢርካም ሕዝቡ ተነሣ፤ አንድ አገልጋይ ተገደለ፥ ሌሎቹ ተባረሩ። ወደ ሰባት ዓመት ያህል እዚያ ካህን አልነበረም። ሄሪጋር ግን ያለ አገልጋይ በእምነቱ ጸና።

ወገኖች፥ ይሄ ታሪክ ለኛ እንግዳ ነው እንዴ? ከመካከላችን ያመለከበት ቤት የተቃጠለበት አለ። መጽሐፍ ቅዱሱን ትቶ የሮጠም አለ። አንስጋር ሁሉን ካጣ በኋላ አገልግሎቴ አበቃ አላለም። ወደ ቢርካም እንደገና ሄደ።

በ865 ብሬመን ላይ በአልጋው ላይ ሞተ። ከሱ በኋላ ሥራው የጠፋ መሰለ። የስዊድን ነገሥታት ወደ ጌታ የመጡት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ ግን የሰሜን ሐዋርያ ተብሎ ይጠራል። ካቶሊኮችም ሉተራኖችም ፌብሩዋሪ 3 ቀን ያስቡታል። በቢርካም በ1834 የመታሰቢያ መስቀል ተተክሎለታል። አንዱ ተከለ፥ ሌላው አጠጣ፤ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይከበራል? አንዱ በበዓል ያከብረዋል፥ ሌላው በትምህርት ያስታውሰዋል። በዚህ ከጎረቤታችሁ ጋር አትጣሉ። እሱ ራሱ ሰዎች በጸሎቱ ድውይ ተፈወሰ ብለው ሲያወሩ ደስ አላለውም። ከእግዚአብሔር የሚለምነው አንድ ተአምር ጥሩ ሰው መሆን ብቻ እንደሆነ ተናገረ። እሱን ማክበር እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

ደቀ መዝሙሩ ሪምበርት አንድ ነገር ጽፎልናል። ከክርስቲያን አገር ተማርከው የተወሰዱ ድሆች ከጌቶቻቸው አምልጠው ወደ ክርስቲያኖች ሸሹ። ክርስቲያኖቹ ግን በሰንሰለት አሰሯቸው። ከፊሎቹን ሸጧቸው፥ ከፊሎቹን ለራሳቸው ባሪያ አደረጓቸው። ያደረጉት ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። አንስጋር ግን አልፈራቸውም፤ እዚያው ድረስ ሄዶ ምርኮኞቹን ነፃ አወጣ።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንይ። ትናንት ማታ ካምፕ የደረሰ፥ ገና የራሽን ካርድ ያልወጣለት ሰው ወደ ማን ይሸሻል? ወንድም ብሎ ወደ እኛ ነው። አንተ ግን ችግሩን አይተህ ያለ ደመወዝ ብታሠራው፥ አንቺም ወላጅ የሌላትን ልጅ ለእንጀራ ብቻ ቀኑን ሙሉ ውኃ ብታስቀጃት፥ እሁድ እጅ አንሥቶ መዘመሩ ምን ይጠቅማል? ከስደት የመጣ ሰው ስደተኛን ሲበድል ይብሳል።

የሸራ ቤታችን ነገ ሊፈርስ ይችላል። ለተጨነቀ ሰው በጌታ ስም ያደረግነው ግን አይቃጠልም።

ለውይይት፦
1. ወንጌልን መጀመሪያ የነገረህ ማን ነው? ከኑሮው ምን ተማርክ?
2. ሄሪጋር ያለ አገልጋይ እንዴት ሊጸና ቻለ? እኛስ?
3. በዚህ ሳምንት በብሎካችን አዲስ የገባ ማን አለ? ማን ይጎብኘው?

ጌታ ይባርካችሁ።