የአሮጌ ቤት እድሳት በባልና ሚስት እጅ
ሥራው ከየት ይጀመራል? ሒሳቡስ እንዴት ይያዛል?

በንግድ ዓለም እንደሚታወቀው ማንኛውም ንብረት ከሚሰጠው ጥቅም ጋር የመጠበቂያ ወጪ ይዞ ይመጣል። የመኪና ዘይት በጊዜው ይለወጣል፤ ሚዛን ይመረመራል፤ መጋዘን ከአይጥና ከእርጥበት ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ነጋዴ ለሱቁ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለመኖሪያ ቤቱ አያደርግም። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ባልዲ ያስቀምጣል፤ ግድግዳው ሲላጥ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም ምሰሶው በስብሶ ቤቱ ሲያዘነብል፣ ቀድሞ ለጥገና ይበቃ የነበረው ገንዘብ ለምንም አይበቃውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ስለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በጉለሌና በመሳሰሉት ነባር ሠፈሮች ያሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው። አሠራራቸው የታወቀ ነው፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ይተከላል፣ በማገር ይያያዛል፣ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፣ በላዩም ቆርቆሮ ይመታል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ በኋላ እንጨት በቅርብ መገኘት ጀመረ፤ የጅቡቲው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮን በብዛት ማስመጣት ቀለለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ይተዳደሩ ጀመር። የሚሰበሰበው ጥቂት ኪራይ ለጥገና ስለማይበቃ፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማውጣት ስለሚያመነታ፣ ብዙዎቹ ሳይታደሱ ኖሩ። በግል ይዞታ የቀሩትም ቢሆኑ ወራሾች ሳይስማሙ በቀሩ ጊዜ ከዚሁ ዕድል አላመለጡም።

ለትምህርቱ ግልጽነት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ የችርቻሮ ነጋዴና ባለቤቱ ስፋቱ 6 በ8 ሜትር የሆነ፣ ለዘመናት ጠጋኝ ያጣ የጭቃ ቤት ገዙ ይባል። ከተረፋቸው ገንዘብ የሚበልጠው በሱቁ ዕቃ ላይ ስለ ሆነ ሥራ ተቋራጭ ለመያዝ አቅማቸው አይፈቅድም። ስለዚህ ቤቱን በገዛ እጃቸው ለማደስ ቆርጠዋል። ክረምቱ ሳይገባ ካልጨረሱ ልጆቻቸው በሚያፈስ ቤት ይከርማሉ፤ የሱቁን ገንዘብ በቤቱ ላይ ካፈሰሱ ደግሞ መስከረም ሲጠባ የሚሸጡት ዕቃ አይኖራቸውም። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣቸው የሥራ ቅደም ተከተልና የተጣራ ሒሳብ ብቻ ነው።

1ኛ/ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ምርመራ

ከሁሉ አስቀድሞ የይዞታው ካርታ መረጋገጥ አለበት። ቦታው በከተማው የመልሶ ማልማት ፕላን ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ከክፍለ ከተማው መጠየቅ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች መፍረሳቸው ይታወሳል። ይህን ሳያጣራ ቤቱን የሚያድስ ሰው ገንዘቡን ለዕድል ይሰጣል። ለሥራው ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደ ሆነም በዚያው ጊዜ ይጠየቃል።

ቀጥሎ ቤቱ ራሱ ይመረመራል። የየምሰሶውን እግር በመሮ ወይም በረጅም ምስማር መውጋት ነው፤ ብረቱ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል ማለት ነው። ግድግዳው ማዘንበሉ በቱንቢ ይታወቃል። እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ማየት የቆርቆሮውን ቀዳዳ ሁሉ ያሳያል፤ ኮርኒስ ካለው ግን አስቀድሞ ኮርኒሱ መነሣት አለበት። ባል ሲመረምር ሚስት በደብተር ትመዘግባለች፤ ክፍል በክፍል፣ የጉዳቱ ዓይነትና መጠኑ ይጻፋል። ይህ ደብተር ካልተሟላ በቀር አንድ ምስማር እንኳ ባይገዛ ይሻላል።

2ኛ/ የቤት ጠላት ውሃ ነው

የጭቃ ቤት ደረቅ ሆኖ ከቆየ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ውሃ ካገኘው ግን ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። የውሃው ብዛት በሒሳብ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የምሳሌው ቤት ጣሪያ ከነክፍክፉ 60 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በዓመት ከ60,000 ሊትር የማያንስ ውሃ ከቆርቆሮው ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ አሸንዳ ከሌለው በግድግዳው ሥር ይፈስሳል፤ የምሰሶውን እግር ያበሰብሳል፤ ወደ ግድግዳውም ይፈናጠራል።

ስለዚህ ግድግዳና ወለል ከመነካቱ በፊት ለውሃው መንገድ ይሰጠዋል። ጣሪያው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ማለት አለበት፤ አሸንዳ ይታሠርለታል፤ በዙሪያው ያለው መሬት ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይስተካከላል፤ ውሃውም በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ይወሰዳል። ይህ የአካፋና የዶማ ሥራ ስለ ሆነ ባልና ሚስት በእጃቸው ሊፈጽሙት ይችላሉ፤ ከሚያስወጣው ገንዘብ የሚያድነው ይበልጣል።

3ኛ/ ምሰሶና ጣሪያ

የበሰበሰ ምሰሶ የሚለወጠው አዲስ ቆርቆሮ ከመመታቱ በፊት ነው፤ ምሰሶ ሲለወጥ ጣሪያው ስለሚነቃነቅ አስቀድሞ የተመታው ምስማር ይላላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ምሰሶዎቹ ጣሪያው በጠንካራ ድጋፍ ተይዞ አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ጊዜ አይነሡም። በዚህ ሥራ ላይ ልምድ ያለው አናጢ መገኘት አለበት።

ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩን ማየት ያሻል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ 28 ቁጥር ከ32 ቁጥር፣ 32 ቁጥርም ከ35 ቁጥር ይወፍራል። በዋጋው ርካሽነት ተስቦ 35 ቁጥር የገዛ ሰው ቆርቆሮውን ቶሎ ለመለወጥ ይገደዳል። ምስማሩ ከነጎማው የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ቢመታ በራስ እጅ ቀዳዳ መክፈት ይሆናል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰውም እግሩን የሚያሳርፈው ሞራሌው ባለበት መሥመር ላይ ብቻ ነው።

4ኛ/ ግድግዳ፤ ጭቃና ስሚንቶ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተላጠ የጭቃ ግድግዳ ሲያይ «በስሚንቶ ልለስነውና ልገላገል» ይላል። ስሚንቶ ግን ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ጭቃ በእርጥበትና በሙቀት ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይሄድም። በመካከላቸው ስንጥቅ ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ውስጡ ሲበሰብስ ውጪው ደኅና ይመስላል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ በትልልቁ ይገነጠላል፤ ጭቃውንም ይዞ ይወድቃል።

ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ጭቃና ኖራ ነው። ለምርጊቱ የተመረጠው አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ሳይደርቅ ከሳምንት ያላነሰ ይቦካል። አፈሩ መልካም መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጡብ ሠርቶ በጥላ ማድረቅ ነው፤ በብዛት ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመርበታል፤ በእጅ ሲነካ ከፈረሰ ደግሞ ሸክላነት ይጎድለዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። በላዩ የኖራ ልስን በስሱ ይለሰናል፤ ኖራ ግድግዳው እርጥበቱን እንዲተነፍስ ያደርጋልና። ያልበረደ ኖራ በሚበረድበት ጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ኖራው አይፈስስም፤ እጅግ ስለሚሞቅና ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ ልጆችም ይርቃሉ።

ምርጊት ለመድረቅ ፀሐይ ስለሚሻ፣ ሥራው በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢጀመርና ቀለሙ ከሰኔ በፊት ቢያልቅ መልካም ነው። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ እርሳስ የተባለው መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በውሃ ረጥቦ ይፋቃል፤ አቧራው ለልጆች ጎጂ ነው። የኤሌክትሪክ መሥመር ግን በማናቸውም ምክንያት ለባለሙያ ይተዋል።

5ኛ/ የሥራ ክፍፍልና ሒሳብ

በራስ እጅ የተሠራ ሥራ በነጻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ሒሳቡን አላወቀም። ባል ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ ቆርቆሮ ቢመታ፣ በሦስቱ ቀን ያጣው ትርፍ ከአናጢ የሦስት ቀን ዋጋ ከበለጠ፣ ቆጠበ ሳይሆን ከሰረ ይባላል። በአንጻሩ ከሱቅ መዝጊያ ሰዓት በኋላና በበዓል ቀን የሚሠራው ሥራ፣ ማለት ማፍረስ፣ ጭቃ ማቡካት፣ ቦይ መቆፈር፣ መለሰንና ቀለም መቀባት፣ በእውነት ገንዘብ ያድናል።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ ሦስት ነገር ይስማሙ። አንደኛ፣ የቤቱና የሱቁ ገንዘብ በየራሱ ደብተር ይያዝ፤ ከሱቁ የተወሰደው ሁሉ ብድር ተብሎ ይጻፍ፣ የሚመለስበትም ቀን ይቆረጥ። ሁለተኛ፣ አሮጌ ቤት ሲነካ የተሸሸገ ጉዳት ስለማይጠፋ ከተገመተው ወጪ ከአምስት እጅ አንዱ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከደብተሩ ውጭ ምንም አይገዛ። ጌጠኛ የበር እጀታና የመጋረጃ ዘንግ በመጀመሪያው ወር ተገዝተው ለአሸንዳ ገንዘብ የሚጠፋበት ቤት ጥቂት አይደለም። ደብተሩን ሚስት ብትይዘው፣ ዕቃውንም ባል ቢገዛው፣ አንዱ ሌላውን ስለሚቆጣጠር ያለ ቅሬታ ይሠራሉ።

6ኛ/ ለሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች

ይህ ትምህርት ቤት ለሚያድስ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ስሚንቶ ልግዛ ብሎ የመጣን ደንበኛ «ግድግዳው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለ ሱቅ፣ ጭቃ መሆኑን ሲሰማም ኖራ የሚያሳየው፣ በዚያ ቀን ጥቂት ሽያጭ ሊቀርበት ይችላል። ነገር ግን ልስኑ ያልወደቀበት ደንበኛ ለቀለም፣ ለአሸንዳና ለቆርቆሮ ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። የቆርቆሮን ቁጥር ሳይደብቅ የሚናገር ነጋዴም እንደዚሁ ነው። አስመጪውም ቢሆን ጎማ ያለውን የጣሪያ ምስማርና የአሸንዳ መያዣን የመሰለ ትንንሽ ዕቃ ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ቢያቀርብ፣ ገዢው የጎደለውን ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ አይንከራተትም።

በአጭሩ፣ በመጀመሪያ ይዞታውን ማጣራት፣ ቀጥሎ ውሃውን ማራቅ፣ ከዚያ ምሰሶና ጣሪያን ማጽናት፣ ከዚያም ግድግዳን በሚስማማው ነገር ማደስ፣ ቀለምን ለመጨረሻ ማቆየት፣ በዚህ ሁሉ ውስጥም የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለይቶ መያዝ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚሠሩ ባልና ሚስት የመጀመሪያውን የሰኔ ዝናብ በደረቅ ቤት ይቀበላሉ፤ መስከረም ሲጠባም ሱቃቸውን ከነሙሉ ዕቃው ይከፍታሉ።