ሠንጠረዥና ግራፍ በጥናታዊ ጽሑፍ፦ የመቀንጨር አኃዞች እንደ ማሳያ

በድኅረ ምረቃ ጥናታዊ ጽሑፎች የሠንጠረዥና የግራፍ ብዛት የሥራው ጥንካሬ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይሁን እንጂ የአንድ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ዋጋ የሚለካው አንባቢው የጸሐፊውን መደምደሚያ ራሱ እንዲያጣራ በማስቻሉ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ነጥቡን የጤናና የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ደጋግመው በሚጠቅሱት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት አማካይነት ይመረምራል።

ሠንጠረዥ 1፦ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት ድርሻ፣ ኢትዮጵያ
ዓመት (እ.ኤ.አ.) | 2000 | 2005 | 2011 | 2016 | 2019
በመቶ | 58 | 51 | 44 | 38 | 37
ማስታወሻ፦ አኃዞቹ በሙሉ በዓለም ጤና ድርጅት የ2006 የዕድገት መለኪያ የተሰሉ ናቸው። የ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ነው።

ከሠንጠረዡ ሥር ያለው ማስታወሻ ለይስሙላ የገባ አይደለም። የ2005ቱ ዳሰሳ ሪፖርት መጀመሪያ ሲወጣ በቀድሞው መለኪያ ተሰልቶ 47 በመቶ የሚል አኃዝ ይዞ ነበር። ይህን አኃዝ ከዚያ ሪፖርት፣ የ2011ን 44 ደግሞ ከተከታዩ ወስዶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ የሰባት ነጥቡን ቅናሽ ወደ ሦስት ያወርደዋል። እያንዳንዱ አኃዝ በየራሱ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ያለው በንጽጽሩ ነው። መለኪያውን የማይገልጽ ሠንጠረዥ ይህን ከአንባቢ ይሰውራል።

እነዚሁ አኃዞች ወደ አምድ ግራፍ ሲለወጡ ሌላ ችግር ይከተላል። ቋሚው ዘንግ ከዜሮ ሳይሆን ከ30 ቢጀምር፣ የ2000 አምድ 28፣ የ2019 አምድ ደግሞ 7 እርከን ብቻ ይረዝማሉ። ግራፉን በጨረፍታ ያየ ሰው መቀንጨር ወደ ሩብ እንደወረደ ይረዳል፤ በእውነቱ ግን የኋለኛው አኃዝ የፊተኛውን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። በአምድ ግራፍ ርዝመቱ ራሱ መጠን በመሆኑ ከዜሮ መነሣት ግዴታ ነው። የመስመር ግራፍ በዚህ ረገድ ላላ ያለ ነው፤ የዘንጉ መነሻ በግልጽ ከተጻፈ በቂ ነው።

አግድም ዘንጉም ጥንቃቄ ይሻል። በዳሰሳዎቹ መካከል ያለው ርቀት 5፣ 6፣ 5 እና 3 ዓመት ነው። ዓመታቱ እንደ ስም ተቆጥረው በእኩል ርቀት ከተደረደሩ የመጨረሻው የሦስት ዓመት ክፍተት ከሌሎቹ ጋር ይስተካከልና የቅናሹ መቀዛቀዝ ከእውነታው በላይ ይጎላል። መቀዛቀዙ መኖሩ አያከራክርም፤ ከ2011 እስከ 2016 በዓመት በአማካይ 1.2 ነጥብ የነበረው ቅናሽ ከዚያ በኋላ ወደ 0.3 ወርዷል። ሆኖም የአንድ ነጥብ ልዩነት በናሙና ስሕተት ወሰን ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ወሰኑን ሳያሳዩ በእርሱ ላይ ሰፊ ትንታኔ መገንባት አያስተማምንም።

ለኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነገር አለ። በዘንጉ ላይ «2011» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ እ.ኤ.አ. ከሆነ 44 በመቶ የተመዘገበበት ዳሰሳ ነው፤ ዓ.ም. ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደውና 37 በመቶ ያሳየው ነው። ሁለት ፊደላትን መቆጠብ የሰባት ነጥብ ልዩነት ያስከትላል ማለት ነው።

በሐዋሳ ሆኖ ለሚጽፍ ተመራማሪ የክልል ወሰንም ከዚህ አይተናነስም። ሲዳማ ከኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ በዚያው ዓመት በሰኔ ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል። በሠንጠረዥ 1 ያሉት ዳሰሳዎች ሁሉ ከዚያ የቀደሙ ስለሆኑ በክልል ሲዘረዘሩ ሲዳማን በደቡብ ክልል ውስጥ ያካትታሉ። የደቡብን የቀድሞ አኃዝ ከአዲሱ የሲዳማ አኃዝ ጋር በአንድ መስመር ማያያዝ ሁለት የተለያዩ ሕዝቦችን እንደ አንድ መቁጠር ነው። መስመሩ በወሰን ለውጡ ላይ ተቋርጦ ምክንያቱ በግርጌ ሊጻፍ ይገባል።

ሁሉም አኃዝ ሠንጠረዥ አይሻም። የመላሾች ጾታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ስምንቱን የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች፣ ከአዲስ ከተማ እስከ ሐይቅ ዳር፣ በበርካታ መለኪያዎች ማነጻጸር ግን ያለ ሠንጠረዥ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ክፍለ ከተሞቹን በፊደል ተራ ከመደርደር ይልቅ ከከፍተኛው አኃዝ ወደ ዝቅተኛው ማስቀመጥ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል፤ ከመቶኛው ጎንም የናሙናው ቁጥር መኖር አለበት፤ ከ12 አባወራዎች 9ኙም ከ1200 አባወራዎች 900ውም እኩል 75 በመቶ ናቸውና።